የሰይድ ባትሪ

ጁምዓ፣ ጥር 9። ሐይቅ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ከደሴ መጥቼ ቤት ገባሁ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ጫቱን አጠገቡ አድርጎ ግድግዳውን ተደግፏል። የስልኩን ባትሪ ያወጣል፣ በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል፣ ይመልሳል፤ ደግሞ ያወጣል። ስልኩ ከሞተ ቆይቷል። ከሳኡዲ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ነው የሚውለው፣ አለች እማዬ።

ሳላስበው ሰዓቴን እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ሥራዬ ይኸው ነው፤ የጫት ጭማቂ የሰጠናት አይጥ የሳጥኗን ሽቦ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትነክስ እመዘግባለሁ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ በራሴ አፈርኩ። ወንድሜ እኮ ነው!

ለሙከራው የወሰድኩትን ጫት ከጓሮው የቀጠፈልኝ አባዬ ነው። «ለዕውቀት ነው፣ አላህ በረካ ያድርግበት» ብሎ ዱአ አድርጎ ነበር የሰጠኝ። ሰይድም የሚቅመው ከዚያው ጓሮ ነው።

አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ በር ላይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የተማርሽው እኮ ይህንኑ ነው፣ ልጄ። እነዚያ አይጦች ጫቱን ስትከለክሏቸው ይሻላቸዋል?»

«ኢንሻአላህ፣ ይሻላቸዋል» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። ያን ሁሉ ዓመት የኮተኮተውን ጫት ነገ ከነሥሩ እንደሚነቅለው ነገረኝ። መቆፈሪያውን ከአሁኑ በር ላይ አቁሞታል።

ምን ብዬ ልንገረው? ይሻላቸው አይሻላቸው አላውቅም። ቆጥረን ስንጨርስ እንገድላቸዋለን። ጫቱን ከልክለን ያቆየናት አንዲት አይጥ የለችም።