ለብርቅነሽ ያስተማርኩት መልስ

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ጠዋት 3 ሰዓት

ማሞቂያው ዛሬም አልሠራም። ጣቶቼ በብርድ ደርቀው ጠመኔ አልይዝ ብለዋል። አሥራ አንድ ሴቶች፣ ስድስት ወንበር። የተረፉት የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ከታች የጀፕስታውን ጅምላ ነጋዴዎች ብርድ ልብስ እያወረዱ ይጯጯሃሉ፤ ከላይ እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።

ስገባ እንደ ሁልጊዜው ተነሡ። ሃው አር ዩ አልኩ። ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር! በአንድ ድምፅ። ሆሳዕና ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ነበር። እዚህ ስደት ላይም ያው። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ ደብተሬ፣ ሌላ ደስታ የለኝም።

የአከራዬ ልጅ ታንዲ የሥዕል ካርዶቿን ሰጠችኝ። ጃፓን ገጠር፣ ሩዝ ማሳ መሀል ባለች ት/ቤት ሁለት ዓመት እንግ. አስተምራ መመለሷ ነው። ፀጉር፣ እጅ፣ ዓይን፣ ጥቁር፣ ትንሽ፣ ትልቅ፤ ሁሉም በሥዕል። እዚያም ልጆቹ እንደኔዎቹ በአንድ ድምፅ ነው አሉ የሚመልሱት። አንዱ ትኩሳት እያቃጠለው ተነሥቶ አይ አም ፋይን ታንክ ዩ ብሎ እዚያው ተዘረረ አለችኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ከሰዓት 8

ብርቅነሽ ካርዶቹን በአንድ ቀን ጨረሰቻቸው። ከሁሉም ጎበዟ እሷ ናት። ባሏ ታደለ ከከተማው ዳር ዲፕስሉት ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው፤ ከዚያ ድረስ በሁለት ታክሲ ትመጣለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ። ክሊኒክ ስትሄድ ታደለ ሱቁን ዘግቶ ያስተረጉምላታል። የተዘጋ ሱቅ ደግሞ እዚያ ሰፈር ለሌባ ግብዣ ነው።

ነገ ቀጠሮ አላት። ብቻሽን ሂጂ፣ በራስሽ አፍ ተናገሪ አልኳት። አብረን ተለማመድን፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ስንት ወር። ሰላምታውን አልደገምነውም፣ በእንቅልፏም ታውቀዋለች።

የታደለን ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር፤ እግሯ አብጦ የራሷ አልገባ ብሏት። ግንባሯንም ትይዛለች። አሞሻል እንዴ ስላት፣ ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን አለች። እኔም አመስግኜ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9። 6 ሰዓት

የድል ቀን! ብርቅነሽ ዓርብ ክሊኒክ ብቻዋን ሄደች። ነርሷ ሃው አር ዩ ስትላት፣ አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ? አለች። ነርሷ ሳቀች፣ አደነቀቻት፣ ማን አስተማረሽ አለቻት። ማይ ቲቸር። ወረፋው እስከ በር ነበር አለች፤ ደህና ከሆንሽ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ነይ ተብላ፣ ወዲያው የክሊኒክ ካርዷ ላይ ቀን ተጽፎላት ተመለሰች።

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። በመንገዴ ሁለት ብርቱካን ገዛሁ፣ ለራሴ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። 5 ሰዓት

አልመጣችም። ታደለ ደወለ።

ትናንት ሱቅ ውስጥ ወደቀች፣ ተንቀጠቀጠች። አንዲት ደንበኛ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰቻት። የደም ግፊት ነው አሉ። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ። እሷ ተርፋለች።

ራሷን ካመማት ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ሐኪሙ ለምን አልተናገረችም ይላል። ታደለ ግራ ገብቶታል፤ ባለፈው ዓርብ እኮ ክሊኒክ ነበረች ጋሼ፣ ደህና ነሽ ብለው መለሷት እያለ ያለቅሳል። እነሱ አይደሉም ያሉት። ራሷ ናት ያለችው። እሷን ደግሞ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ይህን አልነገርኩትም። አይዞህ ብቻ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ጠዋት

ሁለት ቀን አልበላሁም ማለት ይቻላል። በነርሷ ተናደድኩ። በታደለ ተናደድኩ። ታንዲ እንዴት ነህ ብላ ጻፈችልኝ፣ ፋይን ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ስማ ደብተሬ። እኛ ጋ ሰው እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ ያመሰግናል። ታሞም፣ ከስሮም፣ ቤቱ ተቃጥሎም ያመሰግናል። ጠያቂው ይደግማል፤ ያኛውም ይደግማል። ሦስተኛው ላይ ነው፣ ብቻ ይቺ ራሴን፣ የሚል ድምፅ የሚመጣው። እውነቱ ያኔ ይወጣል። ብርቅነሽ ሦስተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። ነርሷ የጠየቀቻት አንዴ ነው። እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው።

ሁለቱንም የማውቀው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ፣ ስድስት ዓመት እዚህ፣ ይህን ለአንድ ተማሪ ነግሬ አላውቅም። ነርሷስ እሺ፣ አታውቅም። እኔስ? እግሯን አይቼ፣ አንዴ ጠይቄ ዞርኩ።

የክፍሉን ቁልፍ ለአከራዬ እመልሳለሁ። ማስተማር በቃኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 15። 11 ሰዓት

ሜይፌር ሰፈር ብርቅነሽ ጋ ሄጄ መጣሁ። የታደለ እህት ቤት ነው ያለችው። ሴቶች ከበዋታል፤ ሻይ፣ ዳቦ። ዓለምን ላላየ ልጅ አይለቀስም፣ ጌታ ይክስሻል ይሏታል። እንባዋ ሲመጣ ተይ ተይ ይሏታል። ክፋት የለባቸውም። ጡቷን በሻሽ አስረውላታል፤ ወተቱ መጥቶ።

ጌታ ያጽናሽ ብዬ ተቀመጥኩ። እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዴት ነሽ ብርቅነሽ አልኩ እንደገና። ደህና ነኝ። ሦስተኛውን ጠየቅኳት።

ሴቶቹን አየች። ከዚያ እኔን። ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፦

«ቲቸር፣ አይ አም ኖት ፋይን።»

ቀጠለች። «ብላክ ሄር። ስሞል ሃንድስ። ቬሪ ስሞል።» የታንዲ ካርዶች። ልጁን አሳይተዋት ነበር ማለት ነው፤ አቅፋው ነበር። አንዲት እንባ አልወጣትም። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ስታነብ የነበረው ድምፅ ነው።

የታደለ እህት ምን አለች አለችኝ። ትምህርቷን እየከለሰች ነው አልኳት። ጎበዝ ልጅ አሉ ሴቶቹ። ብርቅነሽን የዚህን መልስ አላስተማርኳትም፣ አላውቀውምም። እጇን ያዝኩ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16። 5 ሰዓት

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሳልመልስ ገባሁ። ሲነሡ ተቀመጡ አልኳቸው። ምን እንደተፈጠረ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የኔንም ድርሻ። እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቋችሁ፣ የመጀመሪያዋ ላይ ተናገሩ አልኩ። ሰሌዳው ላይ «አመመኝ፣ እዚህ ጋ» የሚለውን በእንግ. ጻፍኩ። ሲሸማቀቁ አየሁ። አፋቸው እምቢ አለ።

ስለዚህ አንድ በአንድ ጀመርኩ። በየወንበሩ፣ በየሣጥኑ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያዋ ፋይን፣ ፋይን፣ ፋይን፤ ከልቧ ነው፣ ሳቀች። ሁለተኛዋ ወ/ሮ አስቴር። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም። ፋይን። ፋይን። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ ሰሌዳው አዩ።

ሂር፣ ቲቸር።

ከመቼ ጀምሮ? ከፋሲካ ወዲህ።

ለሌሎቹ የታንዲን ካርዶች ሰጥቻቸዋለሁ። ወ/ሮ አስቴር ነጠላቸውን እየደረቡ ነው። ክሊኒኩ እስከ 10 ክፍት ነው፤ አብሬያቸው እገባለሁ፣ ነርሷ አንዴ ብትጠይቅ ሁለቱን እኔ እጨምራለሁ።