ምንጫችንን በገዛ እጄ ፈርሜ ስለመስጠቴ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? አዲሱ ወንበርዎስ ተስማማዎት? እኛ ከምንጩ ግርጌ የምንኖረው፣ ውሃው እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስለሚጠጣ፣ ደህና ነን።

እኔ ልብስ በማጠብ የምተዳደር፣ ፊደልንም ስኳርና ሳሙና ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ የለቀምኩ ሴት ነኝ። ሕግም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ስኳር የመጣበት አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ማንኛውም ልማት የመጪውን ትውልድ ድርሻ ሳይነካና ነዋሪውን አማክሮ ይከናወናል ካለ በኋላ «ሆኖም» ብሎ እዚያው ይቀደዳል። ከ«ሆኖም» በኋላ ያለውን ያስተማረኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼም እነዚህ ናቸው፦

፩. ከምንጩ በላይ ለቆዳ ፋብሪካው የዝቃጭ ጉድጓድ ሊቆፈር ሲታሰብ ለምክክር ስለጠሩን እናመሰግናለን። ገና በር ላይ ርዕስ የሌለው ወረቀት አስፈረሙን፤ እኔም ለቀለም ቁጠባ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አሁን ያው ወረቀት «የተስማሙ ነዋሪዎች» የሚል ርዕስ አግኝቶ ሰሌዳዎ ላይ ተለጥፏል።

፪. ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላው በጣቱ ሲፈርም እኔ በእስክሪብቶ ልታይ ብዬ ከሁሉ ቀድሜ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ከኋላዬ አርባ አንድ ሰው፣ እሷ አንብባ ከፈረመች ምን ቀረን እያለ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ። እኔ ግን የእጅ ጽሑፌን ሳደንቅ ምንም አልጠየቅኩም። አማቴ በሰፈሩ ፊት፣ ፊደል ቆጥረሽ ውሃችንን ሸኘሽልን፣ እግዜር ይስጥሽ ብለው መርቀውኛል።

፫. ጥናትዎ በውሃው ላይ የጎላ ለውጥ አይጠበቅም ይላል። እኔ ደግሞ አንዲት ቀለም የምትለቅ ካልሲ አንድ ገንዳ ነጭ ልብስ ስታበላሽ ያየሁ ሰው ነኝ።

ቁፋሮው ሰኞ ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ስማችንን እንዲሰርዙልን በትሕትና እንለምናለን። ይህን ደብዳቤ ለአርባ አንዱም ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። ገባን ካሉ በኋላ በጀርባው «አልተስማማንም» ከሚለው ርዕስ ሥር ፈርመዋል። እኔ በመጨረሻ ፈረምኩ።

ለልማት ካላት ጉጉት የተነሣ ሳትጠይቅ የፈረመች፣
አክባሪዎ፣ የምንጩ ልብስ አጣቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ጠርሙስ የምንጫችንን ውሃ አብሬ ልኬያለሁ። ለውጥ እንደማይኖር ስላረጋገጡልን፣ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላም በየወሩ እልክልዎታለሁ፤ ለልጆችዎ ያጠጡልን።