ሰባት ሳንቲ ሜትር ስለጎደለው ፍራሻችን

ለእንግዳ ማረፊያዎች ደረጃ ምደባ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ቢሮዎ ባሉበት ሰዓት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎና ለእንቅልፍዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ስለ ጤናዎ የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው፤ እንቅልፍዎ ግን ደህና መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ በእሱ በኩል ስጋት የለኝም።

ምናልባት ከብዙ ሥራዎ መካከል ካላስታወሱኝ፣ እኔ ከሐይቁ ዳር ያለው የሰማያዊ በር ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴና እኔ ሦስቱን የጓሮ ክፍሎች አድሰን ለዕረፍት ለሚመጡ ሰዎች ልናከራይ ተነሣን። ቢሮዎ ደግሞ ፍራሾቻችን «ውፍረታቸው መስፈርቱን የማያሟላና ምቾት የጎደላቸው» መሆናቸውን በማኅተም አረጋግጦ ፈቃዱን ከለከለን። ይህን የሚያህል ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝ ምስጋናዬን በዚህ ጋዜጣ ላይ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ. የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለጥያቄዎ ነው። ግቢያችን እንደገቡ፣ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ «ይሄን ደግሞ ከየት ለቃቅማችሁ አመጣችሁት?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ሁለተኛው ክፍል ስላለፉ፣ ሳልመልስልዎ የቀረሁትን እዚህ ላይ ብመልስ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አቅማችን ትንሽ ስለነበረ ምርጫችን ረጅም ነበር። እናቴ፣ እኔና የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው አጎቴ የከተማውን ፍራሽ ቤቶች አንድ በአንድ አዳረስናቸው። አጎቴን ይዘነው የሄድነው ለመሸከም እንዳይመስልዎ፤ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ ያበላሸውን ወገቡን ተማምነን ነው። የእሱ ወገብ የታረቀውን ፍራሽ የማንም ወገብ አይጣላውም። በየሱቁ ጫማችንን እያወለቅን በጀርባ ተኛን፣ በጎን ተኛን፣ ተገላበጥን። አንዱ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ «እናንተ ሰዎች፣ ልትገዙ ነው ወይስ ልታድሩ የመጣችሁት?» ሲለን፣ እናቴ ከተኛችበት ቀና ሳትል «ልናድርበት አይደል እንዴ የምንገዛው፣ የኔ ልጅ» አለችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ትራስ ጨመረልን።

ጉልበቴን ተክዬ ክብደቴን ሳሳርፍበት ከሥር ያለው ጣውላ የሚቆረቁረኝን ተውነው። ጠርዙ ላይ ስንቀመጥ ወደ ወለሉ የሚያንሸራትተንን ተውነው። እነዚያን ወፋፍራሞቹን፣ እጅ ሲጫናቸው ውጠው የሚያስቀሩትን፣ እናቴ ልቧ ፈልጓቸው ነበር፤ አጎቴ ግን «እነዚህ ሁለት ወር አይቆዩም፣ መሐላቸው እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል፤ ከዚያ ባልና ሚስት ተጣልተው የተኙ እንደሆነ ሳይወዱ ይታረቃሉ» ብሎ አስተዋት። በመጨረሻ የወሰድነው እፍጋቱ ከፍ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ድፍን ስፖንጅ ነው፤ ውፍረቱ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ያለንን ገንዘብ እንግዳው በሚያየው ነገር ላይ ሳይሆን በሚተኛበት ነገር ላይ አዋልነው። ራስጌውን አጎቴ ከመኪናው አሮጌ ጣውላ ሠራው፤ መጋረጃውን እናቴ ሰፋችው። የፍራሹ ልብስ ዚፕ ያለውና የሚታጠብ ነው፤ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው፤ ለዕረፍት የመጣ ሰው ሕፃንም ጭማቂም ይዞ አልጋ ላይ ይወጣልና። የሐይቁ እርጥበት እንዳያሻግተው የአልጋውን ርብራብ አየር በሚያስገባ ልክ አራርቀን መታነው። እንግዲህ የለቃቀምነው ከዚህ ነው።

፪ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለሜትርዎ ነው። ከኪስዎ አውጥተው ፍራሹን ጎኑ ላይ ለኩና «አሥራ ስምንት! መመሪያው ሃያ አምስት ነው የሚለው» አሉ። እኔም በትሕትና፣ ውፍረት ብቻውን ምቾትንም ዕድሜንም እንደማይናገር፣ የስፖንጁ እፍጋት መታየት እንዳለበት፣ ከፋብሪካው የተሰጠንም ማረጋገጫ በእጄ እንዳለ ገለጽኩልዎ። ክብደት በምን ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አምስት ዓመት የተማርኩት ነገር በመሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ አንድ ሁለት ቃል ብናገር የሚያስቀይም አልመሰለኝም ነበር። እርስዎ ግን አባታዊ በሆነ ርኅራኄ ተመልክተውኝ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ወረቀት ነው፤ ይሄ ፍራሽ ነው። በይ አሁን ትልቅ ሰው ጥሪልኝ» አሉኝ። ጠራሁልዎ። እናቴ መጣች። እናቴም «ጌታዬ፣ የፍራሹን ነገር እሷን ይጠይቋት» አለችዎ። ሁለታችንም ዘንድ መልስ ስላላገኙ ወደ ሜትርዎ መመለስዎ የሚያስገርም አይደለም።

፫ኛ. አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ መድረሴ ነው፤ ቢረዝምብዎ ይቅርታዎ አይለየኝ።

መለካቱን ከጨረሱ በኋላ «ለሥነ ሥርዓቱ ያህል እንሞክረዋ» ብለው፣ አንድ ጫማ አውልቀው ሌላውን እንዳጠለቁ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ጋደም አሉ። እኛ በር ላይ ቆመን ውሳኔዎን ስንጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ቀጥሎ ዓይንዎን ከደኑ። ከዚያ በኋላ የሰማነውን ድምፅ እንግዶቻችን ቢያሰሙት እንኳ በጨዋነት የማናነሣው ዓይነት ስለሆነ አልገልጸውም፤ አጎቴ ግን «ይቺ መኪና ዳገት ላይ ናት» ማለቱን ለእውነት ስል አልደብቅም። እናቴ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አስወጣችን። የውሃው ፓምፕ እንዳይቀሰቅስዎ አስጠፋችው፤ ልብስ ማጠቡ ቀረ። አጎቴ ሬዲዮውን ዘጋ። በገዛ ግቢያችን በእግር ጣታችን ስንሄድ ዋልን። ፀሐይዋ ከበረንዳው አልፋ ከግንቡ ጀርባ ስትወርድ ብቅ አሉ፤ የትራሱ ስፌት ጉንጭዎ ላይ ታትሞ ነበር። እናቴ «እንኳን ደህና አረፉ» ስትልዎ፣ ምንም ሳይሉ ዝም ብለው ቢያልፉ ማን ይጠይቅዎ ነበር? እርስዎ ግን ቆም ብለው «አይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነው እንጂ» አሉ። ከዚያም እዚያው በረንዳ ላይ ቅጹን ጭንዎ ላይ ዘርግተው «ምቾት የጎደለው» ብለው ጻፉ።

ክቡር ሆይ፣ እስከ ማታ ያስተኛዎትን አልጋ ምቾት የለውም ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል የሥራ ዲሲፕሊን እንደሚጠይቅ አስቤ አስቤ ልደርስበት አልቻልኩም። የግል ስሜታቸውን ከመንግሥት ሥራ የሚለዩ ሰዎች አሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰውነቱን ሳይቀር የሚለይ ግን የመጀመሪያዬ ነዎት።

፬ኛ. መስፈርትዎ በሰፈራችን ስላመጣው ዕድገትም አመሰግናለሁ። ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ጎረቤታችን እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሁለት ቀጫጭን ፍራሾችን ደራርባ በአንድ ልብስ ውስጥ ሰፋቻቸው። ሃያ ስድስት መጣላት። አለፈች። ፍራሾቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ እንግዳውን ራስጌ አስተኝተው ግርጌ ያስነሡታል እንጂ፣ በወረቀት ላይ እንከን አይወጣላቸውም። ይቺው ደግ ጎረቤት የእኛን መውደቅ ሰምታ በአጥር በኩል «አንቺ ልጅ፣ ምን አደረቀሽ? ካርቶን ከሥር ክተቺበታ! ሰውየው የሚያየው ጎኑን ነው» ብላ መክራኝ ነበር። ምክሯ ከልብ ነው፤ እኔም አልቀየምኳትም። ግን እንግዳ አታልዬ ካርቶን ላይ ከማስተኛ ብወድቅ ይሻለኛል አልኳት። «እንግዲያው ውደቂ!» አለችኝ። እሷንም እኔንም እዚህ ያደረሰን ያው የእርስዎ ሜትር ነው።

፭ኛ. ይግባኝ አልኩ። ይግባኙን የሚያየው ኮሚቴ የዕረፍቱ ወቅት ካለፈ በኋላ እንደሚሰበሰብ፣ ሰብሳቢውም እርስዎ እንደሆኑ በደብዳቤ ተገለጸልኝ። እናመሰግናለን።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ለአፍታ ያለ ምስጋና እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ይህን ቤት አባቴ ድንጋዩን ራሱ እየተሸከመ ነው የሠራው። ሲሞት በመሬቱ ላይ ድርሻ ያላት የእሱ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ይሸጥ አለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሁለት ሴቶች ቤት ያቆማሉ ብላ ስለማታምን ነው። እናቴ ለመነቻት። «እሺ፣ አንድ የዕረፍት ወቅት ሰጥቻችኋለሁ። ቤቱ ራሱን ካልቻለ ገዢ አመጣለሁ» አለች። ይህ ወቅት ያ ወቅት ነው። ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ሻዩን ጠጥቶ ሲነሣ፣ እናቴ ሃያ ሦስት ዓመት ከኖረችበት ቤት ዕቃዋን እየጠቀለለች ትሆናለች። እርስዎ «ምቾት የጎደለው» ብለው ሲጽፉ የጻፉት ይህን ነው። ያኔ አልነገርንዎትም፤ ልመና እንዳይመስል ፈርተን። አሁንም ልመና አይደለም።

ወደ ጨዋነቴ ልመለስ።

መስፈርትዎን ያክል የሚያስተምር ነገር ስለሌለ መመሪያውን ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «የእንግዳ ማረፊያ ማለት አልጋን በክፍያ የሚያከራይ ቤት ነው» ይላል። እንዴት ያለ ጥርት ያለ አማርኛ ነው! ስለዚህ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ እኛ አልጋ አናከራይም። የምናከራየው በረንዳ ነው። እንግዳው ሐይቁን እያየ የሚቀመጥበትን በረንዳ በቀን ይከራያል፤ ሲደክመው የሚተኛበት አልጋ የቤቱ ስጦታ ነው። ስጦታ ስንት ሳንቲ ሜትር መወፈር እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም።

እናቴ መጀመሪያ «ተይ ልጄ፣ ከቢሮ ጋር እልህ መጋባት ምን ይበጅሻል» ብላኝ ነበር። ስለ ኮሚቴው የላኩልንን ደብዳቤ ካነበብኩላት በኋላ ግን ቀለምና ብሩሽ እንዳመጣ አዘዘችኝ። ሰሌዳውን የጻፈችው እሷ ናት፦ «በረንዳ በቀን ይከራያል፤ አልጋው በነጻ»። አክስቴ ልትሰናበተን መስሏት መጥታ ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበች፤ ቀጥላ «ይሄ ነገር ያስከስሳል አይደል?» አለችኝ። ሊያስከስስ ይችላል አልኳት። «እና ለቅዳሜ የተያዘው ስንት ነው?» አለች። ሦስቱም ተይዟል አልኳት። ቦርሳዋን አስቀምጣ አንሶላ ለመተኮስ ተቀመጠች።

ሊዘጉን የመጡ እንደሆነ በሩ ክፍት ነው። በየትኛው አንቀጽ እንደሚዘጉን ግን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ፤ እኔም እዚሁ ጋዜጣ ላይ ለሕዝብ አነብበዋለሁ፤ ከሁለተኛው ክፍል እንግዳ ታሪክ ጋር አያይዤ።

ለደረጃችን መጠበቅ ሲሉ ሌት ተቀን፣ በተለይም ቀን፣ የደከሙልንን ድካም ሁሉ በማሰብ፣ ከእጅዎ ሜትር፣ ከኪስዎ ማኅተም፣ ከቢሮዎ ወንበር እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

መስፈርት የማታሟላው የሰማያዊ በር ቤት ልጅ

ግልባጭ፦
– ለጎረቤታችን (በአጥር በኩል)
– ለአጎቴ ወገብ

ማስታወሻ፦ መመሪያው ስለ በረንዳ ምንም እንደማይል ይህን ደብዳቤ እስኪያነቡ ድረስ ሳያውቁት ቆይተው ይሆናል፤ አሁን ስላወቁት በቅርቡ የሚያሻሽሉት ይመስለኛል። የወንበሮቻችንን ቁመት ለመለካት በመጡ ጊዜ ግን ሊቀመጡባቸው ከፈለጉ የቀን ኪራዩን አስቀድመው ይክፈሉ፤ በነጻ የምንሰጠው አልጋ ብቻ ነው፣ እሱንም እርስዎ ድርሻዎን ወስደዋል።