የወንድሜን እግር ስለ መረከብዎ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የምርምርና የቴክኖሎጂ ሽግግር ምክትል ፕሬዚዳንት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ በተለይም ሁለቱም እግሮችዎ በየቦታቸው ያሉ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከግቢዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ፀጉር የሚያስተካክለው ሰው ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜን ያውቁታል። ሌላው ቢቀር ፎቶውን ያውቁታል፤ «ምርምራችን ሰው ያቆማል» ከሚል ጽሑፍ ጋር አጥርዎ ላይ ያሰቀሉት እርስዎ ነዎትና።

ደብዳቤውን በግል ላደርስዎ አስቤ ነበር። ሆኖም ስለ እግሩ ቀደም ብዬ ላስገባሁት ማመልከቻ ጸሐፊዎ «ማመልከቻሽ ደርሷል፣ ይታያል» እያለችኝ ዓመት ስላለፈ፣ እስኪያዩት ድረስ ሰው ቢያየው አይከፋም ብዬ በጋዜጣ አወጣሁት። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ወንድሜ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ያጣው በመኪና አደጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ክራንቹን ብብቱ ሥር ወሽቆ በአንድ እጁ ሲላጭ፣ ደንበኞቹ ለጆሯቸው እየሰጉ አንድ በአንድ ሸሹት። በዚህ መሀል ከግቢዎ አንዲት ወጣት መምህርት መጣች። ጉልበቱ የሚታጠፍ፣ በርካሽ ሊመረት የሚችል እግር ሠርታ ኖሮ የሚሞክርላት ሰው ትፈልግ ነበር። ወንድሜ ሞከረ፤ ወደቀ፤ ቆዳው ተላጠ። እሷም ከተላጨው ፀጉር መሀል ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ ብላ፣ የሚወጋውን ጠርዝ ደጋግማ ሞረደችለት። አንድ ቀን ጠዋት ምሳውን ላደርስለት ስገባ፣ በአንድ እጁ መቀስ በሌላው ማበጠሪያ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «እትዬ፣ እጄ እኮ ሁለት ነው!» አለኝ። ወጥቼ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ይህ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም፤ የእርስዎም አይደለም፤ የመምህርቷ ነው።

፪. የእርስዎ ምስጋና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥናቱ ታተመ፣ ሽልማት መጣ፣ እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው ዋንጫውን ተቀበሉ። ከዚያ ሁለት ሠራተኞችዎ ወንድሜ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ በተቀመጠበት ሰዓት ሱቁ ገብተው፣ «ጥናቱ ስለተጠናቀቀ ናሙናውን ልንረከብ ነው» አሉት። ወንድሜ የፀጉር ናሙና መስሎት «ከየትኛው ልስጣችሁ?» ብሎ መሬቱን አሳያቸው። አግዳሚው ላይ አስቀምጠው እግሩን ከነማሰሪያው ፈቱት። ጨዋዎች ናቸው፤ አንደኛው ክራንቹ የት እንዳለ ጠይቆ አቀበለው። ደንበኛው በግማሽ ራሱ ወጥቶ ያየውን ለሰፈሩ ሁሉ ስላወራ፣ ወንድሜን ዛሬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ናሙናው» ሆኗል። ስም ስላወጡለት እናመሰግናለን።

፫. ቢሮዎ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ፣ አንድ ኃላፊ በትዕግሥት አስረዱኝ። ቴክኖሎጂው ወደ ኅብረተሰቡ የሚሸጋገረው የሚያመርት ባለሀብት ሲገኝ ነው አሉ። «ወንድሜስ ኅብረተሰብ አይደለም?» ብላቸው፣ «እሱ የጥናቱ ተሳታፊ እንጂ ተጠቃሚ አይደለም» አሉኝ። ልዩነቱን ሳላውቅ በማርጀቴ አፍሬ ወጣሁ። በመውጫዬም በኤግዚቢሽን አዳራሽዎ በኩል አልፌ እግሩን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አየሁት። አዲስ ጫማ አድርጋችሁለታል፤ ጫማውም ተወልውሏል። ይህን ያህል የተከበረ እግር በዘመኔ አላየሁም። ጠጋ ብዬ ሳየው ዘበኛው «እናቴ፣ መንካት ክልክል ነው» አለኝ።

፬. ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ እኖር ነበር። ብዕር ያስነሳኝ መምህርቷ ላይ ያደረጉት ነው። እሷ ወንድሜን እንደገና በክራንች ስታየው አላስቻላትም። በዕረፍት ቀኖቿ አንድ ብየዳ ቤት እየተጠጋች ሌላ እግር ሠርታ አመጣችለት። ወንድሜ ዳግም ቆመ። እርስዎም ይህን በሰሙ ማግስት በዲሲፕሊን ከሰሷት። ክሱን አሳይታኛለች፤ «የተቋሙን የፈጠራ ውጤት ያለፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት» ይላል። ሦስተኛው ወገን ወንድሜ ነው። በየስብሰባው «ምርምር ከመደርደሪያ ወርዶ ሕዝቡ ዘንድ ይድረስ» እያሉ ሲናገሩ በሬዲዮ እሰማዎታለሁ። ከዚያ ሁሉ ምሁር መሀል ምርምሩን ሕዝቡ ዘንድ ያደረሰች እሷ ናት፤ የተከሰሰችውም እሷ ብቻ ናት። ሥራዋን ብታጣ፣ ሌላው መምህር ምን እንደሚማርበት ለእርስዎ አልነግርም፤ ማስተማር የእርስዎ ሙያ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን አንድ ነገር በትሕትና አሳውቃለሁ። ጉዳዩ በሚታይበት ቀን ወንድሜ ለምስክርነት ይመጣል፤ በእግሩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው እግሩ የተቋሙ ንብረት ነው ብሎ ከወሰነ አንከራከርም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሠራተኛ አይላኩ። እርስዎ ራስዎ ከሰው ሁሉ ፊት ተንበርክከው ብሎኑን ይፍቱት። እሱ ቆሞ ይጠብቅዎታል። መፍቻ ግን ይዘው ይምጡ፤ እኛ አናውስም።

ለሥልጣንዎ ርዝመትን፣ ለልብዎ ጥቂት ርኅራኄን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ሁሉ በላይ በሆነ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ፤

የሦስተኛው ወገን ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ የኮሚቴው ስብሰባ የተጠራው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ለወንድሜ አያስቡ፤ እሱ ደረጃ ይወጣል። ግን መምህርቷ የሠራችውን ሰምተው፣ ለእኛም ይደርሰን ይሆን ብለው አብረውን ሊመጡ የተዘጋጁ ባለክራንቾች ሱቁን አልፈው መንገዱን ሞልተውታል። ባለሀብት እስኪገኝ ምድር ቤት ወርደው ቢያነጋግሯቸው ምን ይመስልዎታል?