ሁለተኛውና አምስተኛው ጥቅል

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይጮሃል? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ነው። የቀኙ ጨርሶ ሄዷል። የግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል። «ይበቃኛል፤ ሲኒማስ ከዚህ ሌላ ምን ነበር?» ይላሉ።

እሳቸውን ሳነሳ ወረቀቱን እንደምታጥፈው አውቃለሁ። እባክህ ዛሬ አትጠፈው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ፊልም ክበቡ እሄዳለሁ። ክበብ ልበለው እንጂ የድሮ መጋዘን ነው፤ አንዱ ወንበር ከሌላው አይመሳሰልም። ሠላሳ ሰው ብንሆን ነው። ስመለስ ያየሁትን ለአባባ አወራላቸዋለሁ። ታሪኩን አይጠይቁኝም። «ብርሃኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ይሉኛል መጀመሪያ። ባለፈው ወር ከበረዶ አገር የመጣ አዲስ ፊልም ነበር። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች አንድ ግንድ በመጋዝ ይቆርጣሉ፤ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኝ ነበር። አባባ ግን «መጋዙ መቼ ነው ዝም ያለው?» አሉኝ። ዝም ያለው አንደኛው እጁን በወንድሙ እጅ ላይ ሲያሳርፍ ነው። ፊልሙን በደንብ ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ብል ታምነኛለህ?

ከሁለት ሳምንት በፊት የእኛን ፊልም አሳዩ። የመርከቧን።

እማማ በሄደች ሳምንት ነበር ወደ ሰፈራችን ሲኒማ ቤት የመጣው። አባባ በማሳያው ክፍል የፊልም ጥቅሎቹን በሚያዞረው ማሽናቸው አጠገብ፣ አንተ በቆርቆሮ ሳጥን ላይ ቆመህ፣ መዳፍ በምታህል መስኮት። አሥራ አንድ ቀን ቆየ፤ አሥራ አንዱንም ቀን አየኸው። ሴትየዋ በመሐል ሻንጣዋን ይዛ ከቤቷ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ከመርከብ ትወርዳለች፤ ልጇ ሮጦ እቅፏ ውስጥ ይገባል። ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። ልጁ ግን መጨረሻው ላይ አንሶ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ትኬት ቆራጯ «ምነው ይሄ ልጅ ወደ ታች አደገሳ!» ብላ ስትስቅ፣ ጫማ ሰፊው «ዝም በይ አንቺ! እናቱ ፊት ትልቅ የሆነ ማን አለ?» አላት።

በዚያው ሳምንት አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ መቆም ጀመርክ። በየከሰዓቱ፣ እማማን ፍለጋ። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ።

ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ አንተ ባለህበት ከተማ ፊልሙን በትክክለኛ ተራው አየኸው። ለካ ሴትየዋ የምትመጣው መጀመሪያ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ሄዳ ትቀራለች። ደወልክና «አታለሉኝ» አልካቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰሙም።

እኔም ሳላየው አልፈርድም ብዬ ነበር። አሁን አየሁት። ገና በሁለተኛው ጥቅል ከመርከብ ስትወርድ ጫማ ሰፊው ብድግ ብሎ «ኧረ ገና ነው! መቼ ሄደችና!» ብሎ ጮኸ። ሳቅን። መጨረሻው ላይ የሳቀ የለም። መብራቱ ከበራ በኋላም የሰፈራችን ሰዎች ቁጭ ብለው ቀሩ፤ የሚቀር ጥቅል ያለ ይመስል።

ቤት ስገባ አባባ «የትኛውን መጨረሻ አሳዩሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም አወሩልኝ። የመጀመሪያው ቀን ስህተት ነበር። ጥቅሎቹ የመጡባቸው ቆርቆሮዎች ቁጥር ተፍቋል፤ እሳቸውም እማማ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ጥቅል አቀያየሯቸው። በማግስቱ ሊያስተካክሉት ነበር። «እህል አልቀምስ ብሎኝ ነበር» አሉ ስላንተ። «ያን ቀን ፊልሙ ሲያልቅ ከኪሴ ዳቦዬን ራሱ አወጣና በላ። ታዲያ እንዴት አድርጌ ላስተካክለው? ሥራ አስኪያጁ ደርሶበት፣ ብትደግመው አባርርሃለሁ አለኝ። አሥር ጊዜ ደገምኩት።»

ደግሞም፦ «መናኸሪያ መሄዱን አላወቅሁም። ሲኒማ ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል ብዬ ነው።»

አንድ ነገር ቀረኝ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በአምስተኛው ጥቅል ሴትየዋ በሩን የምትዘጋው በሁለት እጇ ነው። በአንዱ እጀታውን፣ በሌላው ጠርዙን ደግፋ፣ እንዳይጮህ። ይህን ለአባባ ስነግራቸው እንደ ልማዳቸው ብርሃኑን ጠየቁኝ። ከግራ ነው አልኳቸው፤ ከኮሪደሩ፣ ሰማያዊ፣ ገና ሊነጋ ሲል ያለው ዓይነት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች አልኳቸው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሴትየዋም የምትታየው ከጀርባዋ ነው።

አባባ ይህን አሥራ አንድ ቀን ያሳዩት ሰው ናቸው። እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙኝ፤ እስኪመሽ አለቀቁኝም።

እማማ በሩን ስትዘጋ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ፣ ቂም መያዝ ካለብህ ሁሉንም ለእሳቸው አትስጥ።

ጫማ ሰፊው ክበቡን ሲለምን ሰንብቶ ተሳክቶለታል። በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ፊልሙን እንደገና ያሳዩታል፤ ጥቅሎቹን አቀያይረው፣ በእኛ ተራ። አባባ ይሄዳሉ። አጠገብዎ ሆኜ እነግርዎታለሁ ብላቸው «አንቺማ የራስሽን ትጨምሪያለሽ» ብለው ሳቁብኝ። በግራቸው ያለውን ወንበር ክፍት አድርጌ እይዘዋለሁ። በግራው ዓይናቸው ጥላ ይለያሉ ብዬሃለሁ። ሰው ሲቀመጥበት ያውቃሉ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ጉልበትህንም ይማርልህ። ከደጅህ ደስታ አይጥፋ።

ከሁላችሁም ቀድማ ትነቃ የነበረችው
ታናሽ እህትህ