የአባት ወገን ለማይገባበት ቅጽ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የዘረ-መል ምርመራ ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ወረፋ የማያውቅ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የምጽፈው፣ ሰው ፊት አፌ ስለሚተሳሰር ነው፤ ትናንት ከእህቴ ጋር መስኮት ቁጥር ሦስት ቆሜ አንዲት ቃል ሳይወጣኝ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬ አንድ ቀን ዘግይቷል።

1. ስለ ቅጽዎ አመሰግናለሁ። የአባቴ እናትና ሁለቱ እህቶቹ በጡት ካንሰር ሞተዋል፤ ታናሽየዋ በሠላሳ አንድ ዓመቷ። ልብስ ሰፊዋን እህቴን፣ ለዚህ ካንሰር የሚያጋልጠው፣ በዘር የሚተላለፈው የዘረ-መል ጉድለት ይኖርባት እንደሆን ትመርመር ብለው ሐኪም ወደ እርስዎ ላኳት። ቅጽዎ ግን የሚጠይቀው የእናትን ወገን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ጤነኛ ናት። ጸሐፊዎ «በቤተሰብ የለም» ብለው ጻፉና ማኅተም መቱበት፤ ሳትመረመርም መለሷት።

2. ስለ ጸሐፊዎ ጨዋታ አዋቂነትም አመሰግናለሁ። እህቴ አክስቶቻችንን ስታነሳ፣ «እህቴ፣ አባትሽ ጡት የለው፣ ከየት ልትወርሺው ነው?» ሲሉ ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ክፍልዎ ከጀርባቸው የለጠፈው ማስታወቂያ ግን ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም እኩል ሊወረስ እንደሚችል በትልቁ ይናገራል። አራት ሰዓት ስለቆምን በቃሌ ይዤዋለሁ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት ስለሚውሉ አልፈርድባቸውም።

3. ከሁሉ በላይ ስለ ማኅተሙ። አባቴ ወረቀቱን ሲያይ «ተመስገን፣ ከእኔ አልደረሰባትም» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈው፤ እህቴም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጉድለቱ ይኑርባት አይኑርባት እኔ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። እኔ ግን በማላውቀው ነገር ላይ ማኅተም አልመታሁም። ከተገኘባት ክትትል እየተደረገላት በጊዜ ሊደረስላት እንደሚችል ሐኪሙ ነግረዋታል፤ የወሰዱብን ያንን ጊዜ ነው።

ውድ ሰዓትዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማኅተምዎ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት

ግልባጭ፦ ለወረፋው በሙሉ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩለት። ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ነገ ጠዋት ሦስታችንም እንመጣለን። አባቴ የእናቱንና የእህቶቹን ስም ይናገራል፤ እኔ ቅጹ ላይ እጽፋለሁ፤ ቦታ ከጠፋም ጠርዙ ላይ። እህቴ ለምርመራው ደም ሳትሰጥ ከመስኮቱ አንነሳም፤ ከኋላችን የሚሰለፉትን እርስዎ ይቅርታ ይጠይቁልን።