ያቃናሁት ዓረፍተ ነገር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን ከረምሽ? እኛ፣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነን።

ልጅሽ ከመቶ አመልካች አምስቱን ብቻ ለሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን ላከች። ስለ ራሷ የጻፈችውን ድርሰት ደጋግሜ አረምኩላት። «እሙዬ ስልክ ላይ ስትስቅ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል» ያለችውን «ወላጅ እናቴ በስልክ ታበረታታኛለች» ብዬ አቃናሁት።

አንብባው ሳቀች። «አባባ፣ ይቺን ልጅ ሳይቀበሏት አይቀሩም። ግን ማናት?»

ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ። ከላከችው ወዲህ ብዙም አታወራም፤ ድካም ይሆናል። መልሱ በሚቀጥለው ወር ይመጣል።

ለአንቺ የጻፈችውን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። «ያርሙልኝ» ብላ ነበር የሰጠችኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ ሳላነበው አሸግኩት።

ሰላምሽ ይብዛ። ስትደውዪላት እንደ ልማድሽ ሳቂ።

አባትሽ